ባሮና የጠረፍ ከተሞቹ፤ የጋምቤላ አውራጃ የቀድሞ ታሪክ

በቀድሞው አስተዳደር የኢሉባቦር አንድ አውራጃ የነበረው የጋምቤላ ታሪክ ሲነሣ፣ ቀድሞ የሚወሳው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል ነው። በዚህ ውል ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ሲወስኑ፣ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አጠገብ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። መሬቱ በወንዙ ዳር በኩል ከ2000 ሜትር፣ በጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል ተደነገገ። የኪራዩም ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነበር።

ከውሉ መነሣት ለመምህሩ ይቀለዋል፤ ቀኑም ልኩም የታወቀ ነውና። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ከዚህ ሲጀመር፣ በወንዙ ዳር ተወልዶ ያደገ ተማሪ የራሱ ወገኖች በገዛ አገራቸው ታሪክ ውስጥ ዘግይተው የደረሱ እንግዶች መስለው ይታዩታል። ውሉ ስለ መሬቱ ይናገራል እንጂ በመሬቱ ላይ ስለሚኖሩት አይናገርም። የአውራጃው ታሪክ ሊነበብ የሚገባው ከወንዙ ጠባይና በወንዙ ዳር ከኖሩት ሰዎች በመነሣት ነው።

ባሮ ከምዕራቡ ደጋ ተነሥቶ፣ በገደልና በቋጥኝ መካከል ወርዶ፣ ጋምቤላ ሲደርስ ሜዳውን ይይዛል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ ጋምቤላ ግን ከ500 ሜትር ብዙም አትርቅም። ይህን ወንዝ አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል። መንደሮቻቸውን በወንዙ ግራና ቀኝ መሥርተው፣ ሙላቱ ሲጎድል እርጥበቱ በቀረው ደለል ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ፤ ዓሣም ያጠምዳሉ። እያንዳንዱ መንደር ኳሮ በሚባል አለቃ ሥር ይተዳደር ነበር፤ በአንዳንዱ አካባቢ ደግሞ ሥልጣኑ የመሳፍንት ወገን በሆኑት በኒያዎች እጅ ነበር፤ የሹመታቸውም ምልክት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ጨሌ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ከብት አርቢዎቹ ኑዌሮች ወደ ምሥራቅ እየገፉ በመምጣታቸው አኙዋኮች ሰፊ መሬት ለቀዋል። ወደ ደጋው በሚያወጣው ጫካ ውስጥ ደግሞ መዠንግሮች ይኖሩ ነበር። እንግዲህ እንግሊዞች ልኬታቸውን ይዘው ሲመጡ፣ አገሩ ባለቤትና የቆየ የመሬት ክርክር ያለው አገር ነበር ማለት ነው።

ውሉ ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ወሰን አደረገ። በካርታ ላይ ወንዝን ወሰን ማድረግ ምቹ ነው። ለአኙዋክ ግን ወንዝ የመንደር መካከል እንጂ የአገር ዳር ስላልነበረ፣ ሕዝቡ ለሁለት መንግሥታት ተከፈለ። በዚያው ዘመን የአኙዋክ መሳፍንት የዝሆን ጥርስ እየሸጡ ጠመንጃ ማከማቸት ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 የሱዳን መንግሥት ጦር መሣሪያቸውን ሊያስፈታ ወደ አዶንጎ በዘመተ ጊዜ 5 መኮንኖችና 42 ወታደሮች ወድቀውበታል። ከደጋው በኩል የሚወርደውም ዘመቻ የዋህ አልነበረም፤ የዝሆን ጥርስ ብቻ ሳይሆን ሰውም በባርነት ይዞ የሚመለስበት ጊዜ ነበር። ይህ ለማስተማር የሚከብድ ምዕራፍ ቢሆንም፣ ቢዘለል ተማሪው ከቤቱ ሰምቶት የመጣውን ነገር ትምህርት ቤቱ እንዳልነበረ ያደርግበታል።

የንግድ ጣቢያው በውሉ በተጠቀሰችው በኢታንግ ሳይሆን ከእርሷ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደጋው ቀረብ ባለችው በጋምቤላ እ.ኤ.አ. በ1904 ተቋቋመ። ኢታንግ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ነች፤ ጋምቤላ ግን መርከብ ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ወደብ ነበረች። ከዚያ በላይ ቋጥኙ አያሳልፍም።

የከተማዋን ሕይወት በሙሉ የወሰነው ግን አንድ ችግር ነው፤ ይኸውም የወንዙና የየብሱ መንገድ በአንድ ወቅት አለመከፈታቸው ነው። ከካርቱም በነጭ ዓባይ፣ ከዚያም በሶባት በኩል የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ ሊደርሱ የሚችሉት ወንዙ ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነበር። በእነዚያው ወራት ደግሞ ከጎሬና ከቡሬ የሚወርደው ዳገትና ቁልቁለት በጭቃ ይያዛል። ስለዚህ ቡናው በበጋ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወርዶ በመጋዘን ተከማችቶ መርከብ መጠበቅ ነበረበት። በመርከብ የመጣውም ጨውና አቡጀዲ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጦ በበጋ ወደ ደጋ ይወጣል። ነጋዴው ገንዘቡን ለወራት አስሮ ማቆየት ግድ ስለሆነበት፣ መጋዘንና ብድር የማግኘት አቅም ያላቸው ጥቂቶች፣ በተለይም የግሪክና የሶርያ ተወላጆች፣ ገበያውን ለመያዝ ቻሉ። የአገሬው ነጋዴ ሥራ አልወድ ብሎ አልነበረም፤ ስድስት ወር የሚጠብቅ ማርትሬዛ ብር አልነበረውም እንጂ።

በዚህ አሠራር ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይወጣ ነበር። የኢሉባቦር ገዢ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ጎሬ የዚህ ንግድ የደጋ ጫፍ ሆና አደገች፤ ቆንስላም ተከፈተባት። የጂቡቲው ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ እንኳ፣ ለምዕራቡ ቡና ባሮ ቅርብ መንገድ ሆኖ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ፣ ራስ እምሩ በእንደራሴነት የመንግሥቱን ሥራ ለመቀጠል የሞከሩት በጎሬ ነበር፤ ከተማይቱም እስከዚያ ዓመት ኅዳር ወር ድረስ ሳትያዝ ቆየች። ጣቢያው ጦርነቱ ሲስፋፋ በኢጣልያኖች እጅ ገብቶ፣ መጋቢት 1933 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1941) ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር ጋምቤላን አስለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ክረምትም ደምቢዶሎ፣ በዚያን ጊዜ ስሟ ሳዮ፣ ተያዘች። ጋምቤላን እንደ ንግድ ከተማ ያዳከማት ግን ጥይት ሳይሆን መኪና ነው። በጅማ በኩል የተዘረጋው መንገድ ክረምት ከበጋ ባይባልም ዓመቱን በብዛት ስለሚያስኬድ፣ ቡናው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ መለሰ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ዘመን በውሉ ቃል መሠረት አብቅቶ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን መርከቡ የጎደለበት ወደብ ነበር። ጎሬም የክፍለ ሀገሩን ዋና ከተማነት በኋላ ለመቱ ለቀቀች።

በአካባቢው የሚያስተምር መምህር ለዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ተማሪዎቹን ወደ ወንዙ አውጥቶ የክረምቱ ውሃ በግንዱና በአፈሩ ላይ የተወውን ምልክት ቢያስለካቸው፣ መርከብ ለምን በሰኔ እንጂ በጥር እንዳልመጣ በራሳቸው ይደርሱበታል። የትኛው መንደር በሙላት ጊዜ ወዴት እንደሚሸሽ፣ የትኛው ማሳ የማን ቤተሰብ እንደነበረ ሽማግሌዎችን ጠይቀው ቢመዘግቡ ደግሞ ውሉ ያልጻፈውን ይጽፋሉ። የአኙዋኩ ሽማግሌና የኑዌሩ ሽማግሌ የሚሰጡት መልስ የማይገጥምበት ቦታ ይኖራል፤ ሁለቱም እንዳሉ ቢያዙ ይሻላል።

ጋምቤላ ዛሬ የክልል ዋና ከተማ ሆናለች። በውሉ ላይ ስሟ የሰፈረላትና ጣቢያው ያለፋት ኢታንግ ግን ለብዙ ዓመታት የወንዝ ዳር መንደር ሆና ቆይታ፣ ስሟ በውጭ አገር የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ያን ጊዜ ያሰማት የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው፣ በ1902 ወሰን የተባሉትን ወንዞች ተሻግረው በእርሷ ዘንድ የሰፈሩት ስደተኞች ብዛት ነበር።