ከማኖቬላ እስከ ሞተሪኖ፦ የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ

የኢትዮጵያ የመንገድ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የድልድዩ ርዝመት፣ የአስፋልቱ ስፋትና የምረቃው ቀን ነው። የተሠራው መንገድ ግን ጭነት የሚያሻግረው መኪናው ከተነሣ ብቻ ነው። ባለ ተሳቢ መኪና ሌሊት መተሐራ አጠገብ ቆሞ፣ ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ የወደቡም የገበያውም ሒሳብ እዚያው ይቆማል። ይህን ዝምታ የሚሰብሩት ሰዎች በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመቂ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ የመንገድ ዳር ጋራዦች ሙያቸውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያስተላልፉ የኖሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ናቸው። የሙያቸው አመጣጥ ሲመረመር፣ በቃልና በልማድ ብቻ የተላለፈ ዕውቀት ምን ያህል እንዳገለገለና ምን ያህል አደጋም እንዳስከተለ አብሮ ይታያል።

የኤሌክትሪክ ማስነሻ በዓለምም ቢሆን ዕድሜው ያን ያህል ረጅም አይደለም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1911 የሠራው ማስነሻ በማግሥቱ ዓመት በካዲላክ መኪና ላይ ተገጥሞ ለገበያ ቀረበ። ከዚያ በፊት ሞተር የሚነሣው ባመዛኙ ከፊት በኩል በሚገባ የብረት እጀታ፣ ማለትም በማኖቬላ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ የመጣችው አውቶሞቢልም የዚያው ዘመን ሥራ ነበረች። ማኖቬላ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ብልሃትም ይጠይቃል፤ ሞተሩ ድንገት ወደ ኋላ የመለሰው እንደሆነ የክንድ አጥንት ይሰብራልና።

ከባድ መኪና በብዛት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን ነው። ከመኪኖቹ መካከል እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው ፊያት 634 ኤን በናፍጣ የሚሠራ ነበር። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በካንዴላ ብልጭታ ሳይሆን አየሩን አጥብቆ በማመቅ ስለሆነ፣ በሰው ክንድ ማዞሩ እጅግ አድካሚ ነው። ስለዚህ ሞተሩ እየገዘፈ በሄደ መጠን ማኖቬላው ቦታውን ለሞተሪኖ ለቀቀ።

ወራሪው ተሸንፎ ሲወጣ ብዙ መኪኖችና ኑሯቸውን በሙያቸው የመሠረቱ ጥቂት ኢጣልያውያን በአገሪቱ ቀሩ። ኢትዮጵያውያን ተለማማጆች ሙያውን የተማሩት ከነዚህ ሰዎች ጎን እየቆሙ፣ መሣሪያ እያቀበሉ ነው። ለዚህም ምስክሩ የጋራዡ ቋንቋ ነው፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ቫልቮላ፣ ጎሚስታና ሞተሪኖ ከኢጣልያንኛ መጥተው የአማርኛም የኦሮምኛም ተናጋሪ የሚግባባባቸው ቃላት ሆነዋል። መማሪያ መጽሐፍ በሌለበት ሙያ ውስጥ ቃሉ ራሱ እንደ መዝገብ አገለገለ። መዝገቡ ግን የዕቃውን ስም እንጂ የሽቦውን አካሄድ የያዘ አልነበረም።

አዳማ፣ በቀድሞ አጠራሯ ናዝሬት፣ የዚህ ሙያ ማዕከል የሆነችው በአቀማመጧ ምክንያት ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ምድር ባቡር በከተማዋ ያልፋል። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ በአቅራቢያዋ ሥራ ጀመሩ። ወደ አሰላና ወደ ባሌ የሚወጣው መንገድ ከእርሷ ይነሣል፤ ወደ ዝዋይ፣ ሻሸመኔና ሐዋሳ የሚወርደው ከሞጆ ይገነጠላል፤ በአዋሽና በሚሌ በኩል ወደ ባሕር የሚወስደው ጎዳናም በከተማዋ ያልፋል። ሸንኮራ፣ ስኳር፣ እህል፣ ነዳጅና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሁሉ ከደጋው ወርዶ ወደ ቆላው ከመግባቱ በፊት፣ ወይም ከቆላው ወጥቶ ዳገቱን ከመያዙ በፊት የሚያርፈው እዚሁ ሆነ። መኪና በሚያርፍበት ደግሞ ምግብ ቤትና ጋራዥ ጎን ለጎን መከፈታቸው አይቀርም።

በነዚህ ጋራዦች ለብዙ ዓመታት የነገሠው መኪና ኢትዮጵያውያን «ኤንትሬ» የሚሉት ፊያት 682 ኤን 3 ነው። የ682 ምርት እ.ኤ.አ. በ1952 ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አምቼም የፊያት ከባድ መኪኖችን እየገጣጠመ አቀረበ። ኤንትሬ ባለ 6 ሲሊንደር ሲሆን፣ የሞተሩ ይዘት ከ10 ሊትር በላይ ነው። ይህን የሚያክል ሞተር ለማዞር ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተርታ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ፤ ሞተሪኖው በሚዞርበት ቅጽበትም በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በገመዱ ውስጥ ያልፋል።

የሙያው ምሥጢር የሚገኘው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። በገመዱ ጫፍ ላይ ያለ የዛገ ወይም የላላ ማሰሪያ አንድ መቶኛ ኦም ሬዚስታንስ ብቻ ቢኖረው ለመብራት ምንም አይደለም። 400 አምፔር ሲያልፍበት ግን 4 ቮልት ይበላል፤ 1600 ዋት የሚያህል ኃይልም በዚያች ጠባብ ቦታ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ሞተሪኖው ተቃጥሏል» የተባለለት መኪና ሞተሪኖው ደኅና ሆኖ መንገዱ የተበላሸበት ነው። ልምድ ያለው ሠራተኛ መለኪያ መሣሪያ ባይኖረው እንኳ ሞተሩን ጥቂት ካዞረ በኋላ ማሰሪያዎቹን በጥንቃቄ በእጁ ይዳስሳል፤ የሚሞቀው ማሰሪያ በሽተኛው ነው።

በልማድ የተያዘው የምርመራ ሥርዓት ከመፍቻ በፊት ዓይንንና ጆሮን ያስቀድማል። የፊት መብራት በርቶ ቁልፉ ይዞራል። መብራቱ ፈጽሞ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ጫፍ ዝጓል። መብራቱ ሳይለወጥ ሞተሪኖው ዝም ካለ ትእዛዙ አልደረሰውም፤ ጥፋቱ በቁልፉ፣ በረሌው ወይም በቀጭኑ ሽቦ ላይ ይፈለጋል። አንድ ጠንካራ «ጠቅ» ተሰምቶ መዞር ካልተከተለ የሶሌኖይዱ መገናኛ ተቃጥሏል ወይም የሞተሪኖው ካርቦን አልቋል። «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ ከተንቀጠቀጠ ቮልቱ ሶሌኖይዱን ይዞ ለማቆየት አልበቃም። ሞተሪኖው ብቻውን እየጮኸ ሞተሩ ካልተከተለው ግን ነገሩ የኤሌክትሪክ አይደለም፤ የሞተሪኖው ጥርስ ከቮላኖው ጥርስ ጋር አልተያያዘም።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ከሞተር ወደ ሻንሲ የሚሄደው ገመድ ነው። ሞተር የሚቀመጠው በጎማ ላይ ስለሆነ፣ ይህ ገመድ ከተበጠሰ ኤሌክትሪኩ የመመለሻ መንገድ ያጣል። ያን ጊዜ በነዳጅ መስጫው ሽቦና በሌሎች ቀጫጭን ብረቶች በኩል ለመመለስ ይሞክራል፤ እነርሱም ይግላሉ። ባትሪና ሞተሪኖ ተለውጦለት አሁንም ያልተነሣ መኪና፣ በመጨረሻ በአንድ ገመድ የሚድነው በዚህ ምክንያት ነው።

የስምጥ ሸለቆው አየር ችግሩን ያባብሰዋል። መኪናው 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከአዳማ ተነሥቶ ወደ 1000 ሜትር አካባቢ ወዳለው የመተሐራና የአዋሽ ሜዳ ይወርዳል። ሙቀቱ የባትሪውን ውሃ ያተንናል፤ ዕድሜውንም ያሳጥራል። አቧራው በማሰሪያው ውስጥ ይቀመጣል፤ ኮረኮንቹ የገመዱን ልብስ ከብረት ጋር እያፋተገ ይልጠዋል። በዚህ ላይ መኪናው በኖረባቸው ሠላሳና አርባ ዓመታት በብዙ እጆች ያልፋል። አንዱ የጠፋውን ቀይ ሽቦ በጥቁር ይተካል፤ ሌላው ረሌውን አውጥቶ ቀጥታ ያገናኛል፤ ሦስተኛው የቁልፉን ሥራ ለመጫኛ አዝራር ይሰጣል። ከፋብሪካ የመጣው ንድፍ በሻንሲው ላይ መኖሩ ይቀርና፣ ትክክለኛው ንድፍ መጨረሻ በነካው ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ይቀራል። ያ ሠራተኛ ከተማ የለወጠ ወይም ያረፈ እንደሆነ፣ ተከታዩ ጨለማ ውስጥ ይዳክራል።

ጉዳዩ የጊዜና የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ቁልፉ እምቢ ሲል የሶሌኖይዱን ሁለት ራሶች በካቻቪቴ አገናኝቶ ማስነሣት በየመንገዱ የተለመደ ዘዴ ነው። ማርሹ በዜሮ ላይ ካልሆነ ግን መኪናው በዚያው ቅጽበት ይንቀሳቀሳል፤ ካቻቪቴውን የያዘው ሰው ደግሞ ያለው ከሻንሲው ሥር፣ ከጎማው ፊት ነው። ብዙውን ጊዜ እዚያ የሚገባው ረዳቱ፣ ከሁሉ ዕድሜው ያነሰውና ከሁሉ ያልተማረው ነው። የሞተሪኖው ወፍራም ገመድ በአብዛኛው አሮጌ መኪና ላይ ቫልቮላ የለውም፤ ልብሱ ተልጦ ሻንሲውን የነካ እንደሆነ ባትሪው ያለውን ሁሉ ይለቃል፤ እሳት ይነሣል። እንግዲህ ጊዜያዊ መፍትሔ የሚባለው ነገር አንድ ጊዜ መኪና ያስነሣል፤ ሳይታረም ከከረመ ግን የሰው ሕይወት ይጠይቃል።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መስመር ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አዳማ ግን በዚሁ ጎዳና ላይ ስላለች ሥራዋ አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ተቋም ዛሬ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም በ2006 ዓ.ም. ተመርቋል። በኮምፒዩተር የሚታዘዙ አዳዲስ መኪኖች መጥተዋል፤ ከአሮጌዎቹም ብዙዎቹ ከዋናው ጎዳና ወጥተው አሸዋ፣ ድንጋይና እህል ወደ ማጓጓዝ አዘንብለዋል። ሆኖም የአዲሱም የአሮጌውም ሞተሪኖ የሚታዘዘው ለአንድ ሕግ ነው፤ ንጹሕ ማሰሪያ፣ በቂ ውፍረት ያለው ገመድ፣ ያልተቋረጠ የመመለሻ መንገድ።

ካለፈው ሰባ ዓመት የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሠራተኞች መጽሐፍ ሳይኖራቸው ትክክለኛ ምርመራ አበጅተዋል፤ የጎደላቸው ችሎታ ሳይሆን ጽሑፍ ነው። ሽቦ የለወጠ ሠራተኛ የለወጠውን በአንድ ወረቀት ላይ ሥሎ በጋቢናው በር ውስጥ ቢለጥፍ፣ የማኅበሩ አባላትም ይህን ለተለማማጆቻቸው ከመፍቻው ጋር አንድ ላይ ቢያስተምሩ፣ ወጪው የአንድ እርሳስ ነው። ነገ ከዚያው መኪና ሥር የሚገባው ልጅ የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ ዐውቆ ይገባል።