የባሕር ውስጥ ስንቅ

ዘማች ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስነው ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን ስንቁም ነው። የባሕር ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። በካርቱም በሐጅ ዩሱፍ ያደገ ኢትዮጵያዊ ሕፃን ባሕር አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ ነገር ግን ለዚህ ትምህርት የሚሆነው ምሳሌ የሚገኘው እዚያው በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ ነው።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሻዓብ ሩሚ በተባለው ስፍራ፣ በ10 ሜትር ጥልቀት የኮከብ ዓሣ ቅርጽ ያለው ቤት አቆመ። ጓደኞቹም በዚያ አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። በአጠገቡ የትንሿ ጠላቂ መርከብ ማደሪያ ነበረ፤ ፍርስራሹም ዛሬ ድረስ አለ። መርከቢቱ የምትሄደው በባትሪ ስለ ነበረ ከጥቂት ሰዓት በላይ ርቃ መቆየት አትችልም ነበር። የቤቱም አየርና ኤሌክትሪክ ከላይ ከቆመችው መርከብ ይወርድለት ነበር። ዓለም የጠላቂዎቹን ድፍረት አደነቀ፤ ከላይ የሚወርደውን ስንቅ ግን ያስተዋለው ጥቂት ነው።

በዚያ ቤት ላይ ማዕበሉ ያለ ዋጋ ይመላለስ ነበር። የማዕበልን ጉልበት ለሥራ የማዋል አሳብ ግን አዲስ አልነበረም፤ ዢራር የተባሉ አባትና ልጅ በ1799 በፓሪስ የፈጠራ መብት አግኝተውበታል። በ1965ም የጃፓናዊው ዮሺዮ ማሱዳ የመርከብ ምልክት ተንሳፋፊዎች ለገበያ ቀረቡ። በተንሳፋፊው ቧንቧ ውስጥ ውሃው ከፍና ዝቅ ሲል አየሩን ይገፋል፤ አየሩም መዘውር አዙሮ መብራት ያበራል።

ሰው ሳይሳፈርባቸው፣ ያለ ገመድም በራሳቸው የሚሄዱ ጠላቂዎች ታሪክ የሚጀምረው በ1957 በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። እነዚህም እንደ ቀደሙት የባትሪ እስረኞች ናቸው፤ በጥልቁ ለሞተር የሚሆን አየርም ሆነ የፀሐይ ብርሃን የለምና። የማዕበሉም እንቅስቃሴ ወደ ታች በሄደ ቍጥር ይደክማል። ስለዚህ የዛሬ መሐንዲሶች ኃይሉን ከላይ በተንሳፋፊ ሰብስበው በገመድ ወደ ታች በማውረድ ጠላቂው ቀርቦ የሚሞላበትን ጣቢያ ለመሥራት ይደክማሉ። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍም ኃይሉን ያለ ብረት ንክኪ በመግነጢስ ለማሻገር ይሞክራሉ። ነገር ግን ማዕበል ሲያሻው ይሰጣል፣ ሲያሻው ይሰብራል፤ ጨውም ብረትን ይበላል።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ተማሪ ሩቅ የሄደውን ሰው ሲያደንቅ አድናቆቱን አንከልክለው፤ ነገር ግን «ስንቁን ማን አቀበለው?» ብሎ እንዲጠይቅ እናስለምደው። ይህን የሚጠይቅ ልጅ ታሪክን ከጀግኖች ስም አልፎ በሥራው ያውቀዋል።