ዴድላይን ስንት ሰዓት ነው? የፋንታሲ ዝውውር ታሪክ ከኦክላንድ እስከ ዘንዘልማ

ፋንታሲ የሚጫወት ሰው ኅዳርን ያውቃታል። ነሐሴ ላይ ስንት ቀን ተጨንቀን የገዛነው አጥቂ ወይ ተጎድቷል፣ ወይ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስሙን በቅጡ መጥራት የማንችለው ሌላ ልጅ ደግሞ በየሳምንቱ ያገባል። ከዚያ ያቺው ጥያቄ ትመጣለች፦ ማን ይውጣ? ማን ይግባ?

ስለ መልሱ ሁሌም ይወራል፤ ስለ ጥያቄዋ ታሪክ ግን እምብዛም አይወራም። ታሪኩ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በወረቀት፣ በፖስታና በስልክ አልፎ ነው ኪሳችን ውስጥ የገባው። እኔ በምኖርበት በዘንዘልማ፣ ከባሕር ዳር የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ይኸው ታሪክ ለአንድ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሲሄድ አይቻለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዚያ ምክንያት ነው።

ባለቤት የሌለው ተጫዋች

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ቢል ዊንከንባክ የሚባል ነጋዴ የኦክላንድ ሬይደርስ ክለብ አነስተኛ ባለድርሻ ነበር። ክለቡ የሚጫወተው የአሜሪካኖቹን እግር ኳስ፣ ያንን በእጅ የሚያዘውን ነው። ቡድኑ ወደ አገሪቱ ምሥራቅ ለጨዋታ በሄደበት ወቅት ዊንከንባክ ኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ ከክለቡ የሕዝብ ግንኙነት ሰው ከቢል ታነልና ከጋዜጠኛው ስኮቲ ስተርሊንግ ጋር ቁጭ ብሎ የጨዋታውን ሕግ አወጣ። በ1963 ዊንከንባክ ቤት ተሰብስበው ተጫዋቾቹን በተራ በተራ ተከፋፈሉ። ሁሉም ነገር በወረቀትና በእርሳስ ነበር። ነጥቡን ለማወቅ ጋዜጣ መጠበቅ የግድ ነበር።

በዚያ ጨዋታ አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። አንተ ከያዝከው እኔ አላገኘውም። ማንም ያልመረጠው ተጫዋች ደግሞ ባለቤት የሌለው ሆኖ ይቀራል። ውድድሩ መሃል ላይ ሰው ሲጎዳብህ የምትሄደው ወደዚያ ክምር ነው። ጨዋታው እየተስፋፋ ሲሄድ ብዙ ሊጎች አንድ ደስ የሚል ደንብ አበጁ፦ ከክምሩ ለማንሳት ቅድሚያ የሚሰጠው ሰንጠረዡ ግርጌ ላለው ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ የተሸነፈ ሰው ተስፋ ቆርጦ ጨዋታውን ጥሎ እንዳይሄድ ነው ነገሩ። የመሃል ዘመን ዝውውር ከመጀመሪያው የታሰበው ወደ ኋላ የቀረውን ሰው አብሮ ለማቆየት ነበር ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በ1980 ዳንኤል ኦክረንት የሚባል ጸሐፊ ከጓደኞቹ ጋር የቤዝቦሉን ዓይነት ጀመረ። ስሙንም ይሰባሰቡበት ከነበረው የኒውዮርክ ምግብ ቤት ወሰዱለት። በ1991 ደግሞ አንድሩ ዌንስቲን ሐሳቡን ወደ እንግሊዝ አምጥቶ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር አገናኘው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያም ቢሆን የወረቀት፣ የፖስታና የስልክ ሥራ ነበር። የዛሬው ኦፊሴላዊው የፕሪምየር ሊግ ፋንታሲ በ2002/03 ሲጀመር የተመዘገበው ሰው 76 ሺህ አካባቢ ነበር። አሁን ከ11 ሚሊዮን በላይ ነው።

ዜና የሚገዛበት ገበያ

የእኛው ፋንታሲ ከአሜሪካኖቹ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጥሃል፣ 15 ተጫዋች ትገዛለህ፣ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ አትወስድም። ግን ተጫዋቹ የማንም ብቻ አይደለም፤ 11 ሚሊዮኑም ሰው ያንኑ አንድ ተጫዋች ሊይዝ ይችላል። ወረፋ የለም። በሳምንት አንድ ነጻ ዝውውር አለህ፤ ካጠራቀምከው በላይ ከቀየርክ በእያንዳንዱ 4 ነጥብ ትቀጣለህ።

ወረፋ ከሌለ ታዲያ ሰውን ከሰው የሚለየው ምንድን ነው? ጊዜ ነው። ብዙ ሰው የገዛው ተጫዋች ዋጋው በ0.1 ሚሊዮን እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ቀድሞ የሰማ ሰው ሁለት ጊዜ ያተርፋል፦ ነጥቡንም ያገኛል፣ ዋጋውንም ይቆጥባል።

ታላላቆቹን የመሃል ዘመን ግዢዎች ብታስታውሱ ሁሉም ከአንድ ዓይነት ዜና የመጡ ናቸው። ጄሚ ቫርዲ በ2015 በ11 ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች አግብቶ የቫን ኒስተልሮይን ክብረ ወሰን ሲሰብር ዋጋው ገና የታዋቂ አጥቂ ዋጋ አልነበረም። የሼፊልድ ዩናይትዱ ጆን ሉንድስትራም በ2019/20 በጨዋታው ዝርዝር ላይ የ4 ሚሊዮን ተከላካይ ነበር፤ ሜዳ ላይ ግን አማካይ ሆኖ ይጫወት ነበር። ብሩኖ ፈርናንዴስ በጥር 2020 ማንቸስተር ዩናይትድ ገብቶ በቀሩት 14 የሊግ ጨዋታዎች 8 አገባ፣ 7 አመቻቸ። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታውም እሱ ነበር።

ልብ በሉ፣ ከእነዚህ ውስጥ በስሙ የተገዛ የለም። የተገዛው ሥራው ስለተቀየረ ነው። አንዱ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ፣ አንዱ ወደ ፊት ተጠጋ፣ አንዱ ቅጣት ምቱን ተረከበ። ጥሩ ገዢ ማለት ይህን ለውጥ ሌላው ከመስማቱ በፊት የሰማ ሰው ነው። ለዚህም ነው አሠልጣኞቹ ሐሙስና ዓርብ መግለጫ ሲሰጡ ስልካችን ላይ ተደፍተን የምናመሸው።

ሰባት ወይስ ስምንት?

ከዚያ ደግሞ ዴድላይን አለ። ከሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ 90 ደቂቃ በፊት ይዘጋል። እንግሊዞቹ ቅዳሜ 6፡30 ቀትር ላይ ሲጀምሩ እኛ ጋ ዴድላይኑ 7 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። ግን በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። የእኛ ሰዓት ፀሐይን ተከትሎ ባለበት ይቀጥላል። ከዚያ እስከ መጋቢት ድረስ ዴድላይኑ 8 ሰዓት ይሆናል።

በየዓመቱ መጋቢት ላይ አንድ ሁለት ሰው ይቃጠላል። ስምንት ሰዓት ብሎ ምሳውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ተረጋግቶ ሲከፍተው ተዘግቶ ያገኘዋል። እዚህ ዘንዘልማ ባለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ ስንማር የዶርም ሊጋችን ግሩፕ ላይ ዓርብ ዓርብ በብዛት የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር «ዴድላይን ስንት ሰዓት ነው?» የሚለው ነበር። አሥራ አራት ነበርን። ከወሎ፣ ከሐዋሳ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጎጃም የመጣን ነን። ተመርቀን ከተበታተንን በኋላም ሊጉ አልፈረሰም። እውነቱን ለመናገር ለብዙዎቻችን ግንኙነት ሆኖ የቀረው እሱ ነው። ለልደት የማይደውል ሰው ካፒቴኑ ቀይ ካርድ ሲያይ ለመሳቅ ይጽፍልሃል።

የ2016 ዓ.ም. ምዕራፍ

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚያው ቀናት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የሰዓት እላፊ ከተጣለባቸው ከተሞች ውስጥም ባሕር ዳር አንዷ ነበረች። የእንግሊዝ ውድድር ዘመን የተጀመረው ከአንድ ሳምንት በኋላ ነሐሴ 5፣ ዓርብ ማታ ነው። ቡድናችንን ሐምሌ ላይ አስመዝግበን ነበር። ስለዚህ ቡድኖቹ ያለ እኛ ጀመሩ።

ሰው በሞተበት፣ ቤተሰብ በተጨነቀበት ዓመት ስለ ፋንታሲ ማውራት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ግን እንዲህ ያለ ዘመን የሚታወሰው በትልልቁ ነገር ብቻ ከሆነ ወጣቱ በየሳምንቱ ምን እንዳጣ ሳይጻፍ ይቀራል። ትንሿን ነገር የምጽፈው እኔ ስለማውቃት ነው።

ፋንታሲ ውስጥ ባለቤቱ የጠፋ ቡድን አይሞትም። ባለበት ይቆማል። ነሐሴ ላይ ካፒቴን ያደረግኸው ግንቦትም ላይ ካፒቴንህ ነው። የተጎዳው እንደተጎዳ፣ የተሸጠው ስሙ እንዳለ ይቀመጣል። በየሳምንቱ ከወንበር የሚገባ ካለ በራሱ ይገባል፤ ነጥብም ይቆጠራል። ከሊጋችን ውስጥ ክልሉ ውስጥ የነበርነው ሰዎች ቡድን እንዲህ ሆነ።

የሚያስቀው ዲሽ መሥራቱ ነው። ሳተላይት ኢንተርኔት አይፈልግም። ኮል ፓልመር ነሐሴ 26 ቀን 2015 ከማንቸስተር ሲቲ ወደ ቼልሲ ሲዘዋወር በፋንታሲ ዋጋው 5 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ኅዳር 2 ቀን 2016 ቼልሲ ከሲቲ ጋር 4 ለ 4 ሲለያይ በጭማሪ ደቂቃ የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው እሱ ነው። የመሃል ዘመን ግዢ የሚባለው ምልክት ሁሉ ነበረው፦ ርካሽ ነው፣ ይሰለፋል፣ ቅጣት ምት ይመታል። ይህን ሁሉ በዓይናችን አየን። መግዣው ግን አልነበረንም።

ያኔ ነው ታሪኩ ወደ ኋላ የሄደው። አዲስ አበባ ለሚኖረው ለአክስቴ ልጅ የይለፍ ቃሌን ፊደል በፊደል በስልክ ነገርኩት። ዓርብ ማታ መስመር ሲገኝ ይደውላል። መጀመሪያ የሚጠይቀው ሌላ ነው።

«አክስቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች።»

«እናንተ ጋ ዛሬ እንዴት ነው?»

«ዛሬ ፀጥ ብሏል።»

ከዚያ ድምፁ ይቀየራል። ዜናውን ያነብልኛል፦ ማን ተጎዳ፣ ማን ተቀጣ፣ የማን ዋጋ ጨመረ። የቀጣዮቹን አምስት ሳምንታት ጨዋታዎች እየጠራልኝ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። መስመሩ ሳይቆረጥ መወሰን አለብኝ። ዊንከንባክና ጓደኞቹ በወረቀት የሠሩትን እኔ ከ60 ዓመት በኋላ ዘንዘልማ ላይ በስኩዌር ደብተር እሠራው ነበር።

አጨዋወቱም ተቀየረ። ኢንተርኔት ያለው ሰው ለአንድ ሳምንት ይገዛል፤ ሳምንት ቆይቶ ይሸጣል። ቀጣዩ ስልክ መምጣቱን የማያውቅ ሰው ግን እንዲህ ሊገዛ አይችልም። ሕጌ ሦስት ነገር ነበር፦ 90 ደቂቃ የሚጫወት፣ ቅጣት ምት የሚመታ፣ ቢያንስ አራት ቀላል ጨዋታ ከፊቱ ያለው። ለወር የሚበቃ አስቤዛ እንደሚሸምት ሰው ማለት ነው። ፓልመርን ኅዳር ላይ አስገባሁት። አልወጣም። ጥር 9 ሳላህ ለግብፅ ሲጫወት ከጋና ጋር በነበረው ጨዋታ ተጎዳ፤ ወሬውን በቴሌቪዥን ሰማሁ፣ ልጁ እስኪደውል ግን ሳላህ ቡድኔ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር።

ፓልመር መጋቢት 26 በማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ሐትሪክ ሠራ፤ ሚያዝያ 7 በኤቨርተን ላይ አራት አገባ። በ22 ጎልና በ11 አሲስት 244 ነጥብ ሰብስቦ የዓመቱ የፋንታሲ አንደኛ ሆነ። ለእኛ ሊግ ግን የዓመቱ ወሬ እሱ አልሆነም። ሐዋሳና አዲስ አበባ ያሉት ጓደኞቻችን ግሩፑ ላይ ለየብቻቸው ሲያወሩ ከርመዋል። በኋላ ወደ ላይ እየሳብኩ ሳነበው በየጥቂት ሳምንቱ አንዱ ይጠይቃል፦ «ከባሕር ዳር ልጆች የሰማ አለ?» ከሥሩ መልስ የለም። ቀጥሎ ስለ ካፒቴን ይወራል፤ ከዚያ ያው ጥያቄ ይመለሳል።

አንድ መስመር

የሞባይል ኢንተርኔቱ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ በ2016 ክረምት ሲመለስ የእንግሊዝ ዘመን ካለቀ ሁለት ወር አልፎታል። ፋንታሲ ያለፈውን ዘመን ሰንጠረዥ አጥፎ አዲሱን ይከፍታል። ለእያንዳንዱ ሰው የሚተውለት በታሪክ ገጹ ላይ አንድ መስመር ነው፦ ዘመኑ፣ ነጥቡ፣ ደረጃው። በብዙ የሰፈራችን ልጆች ገጽ ላይ 2023/24 ከሌሎቹ መስመሮች መካከል ወደ ታች የወረደች ሆና ተቀምጣለች።

ያቺ መስመር አትዋሽም። ነጥቡ የተባለው ነው፤ ደረጃውም ልክ ነው። ለምን እንደሆነ ግን አትናገርም። ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ሰው አይቶ «ያን ዓመት ሰንፎ ነበር» ሊል ይችላል። ብዙ ታሪክ የሚጠፋውም እንዲህ ይመስለኛል። ቁጥሩ ይቀመጣል፤ ምክንያቱ ግን በሰው አፍ ብቻ ስለሚኖር ሰውየው ዝም ሲል አብሮት ይቀራል።

በ2025/26 የአፍሪካ ዋንጫ ታኅሣሥ ላይ ሲመጣ የጨዋታው አዘጋጆች ለሁሉም ተጫዋች አምስት ነጻ ዝውውር ሞሉለት፤ ሰዎቻቸው ወደ ሞሮኮ የሄዱባቸው እንዳይጎዱ ብለው ነው። ጥሩ አድርገዋል፤ የሰንጠረዡን ግርጌ ከሚያስቀድመው ከድሮው ደንብ ጋር አንድ መንፈስ አለው። ሰውየው ራሱ ከመስመር ሲጠፋ ግን የሚሞላ ዝውውር የለም። እሱን የሚሞላው ጓደኛ ነው።

ስለዚህ ሊጋችሁ ውስጥ ነሐሴ ላይ የቆመ ቡድን ካያችሁ፣ ካፒቴኑ ከተጎዳ ወራት ሆኖት እሱ ግን ያልቀየረ ሰው ካለ፣ ከሊጉ ከማውጣታችሁ በፊት ደውሉለት። ስለ ዴድላይኑ በኋላ ትነግሩታላችሁ። መጀመሪያ እናቱ ደህና መሆኗን ጠይቁት።