አቀበት የፈተናቸው አውቶሞቢሎች

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ቡሬንና ቲሊሊን አልፎ እንጅባራ ሊገባ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት ዘንገና ሐይቅን ከአስፋልቱ አጠገብ ያገኘዋል። እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ያረፈ፣ ዙሪያውን ደን የከበበው ክብ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል ይባላል። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ፣ ዝናቡ የበዛ ደጋ ነው። እዚህ የደረሰ መኪና ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። የአባይን በረሃ ወርዷል፣ ወጥቷልም። ቤተሰብ ጭኖ፣ ጣሪያው ላይ ዕቃ ደርድሮ፣ ሞተሩ ሳይግል እዚህ የደረሰ አሮጌ የቤት አውቶሞቢል ስለ ራሱ የሚናገረውን ምስክርነት ሻጭም ደላላም ሊናገሩለት አይችሉም።

እንጅባራ ያለችበት የአዊ ምድር ግን ከመኪና በፊት የፈረስ አገር ነው፤ ዛሬም ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ እንደተመሠረተ የሚነገርለት የፈረሰኞች ማኅበር ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይገለጻል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱን አስጊጦ የሚወጣው ሕዝብ በዓድዋ ዘመቻ ለተሳተፉት ፈረሶች ክብር የሚሰጥ ነው። በዚህ አገር ሰው ከብት ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሳል፣ አስሮጦ ትንፋሹን ያዳምጣል። ያገለገለ መኪና ሲመጣም ገዢው ባዶ እጁን አልነበረም፤ ያረጀን ነገር መርምሮ የመግዛት ልማድ ነበረው።

መኪናው እስኪመጣ ግን ረጅም ጊዜ ወስዷል። ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ያስገባት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል አልፎም የአዊዋ ዳንግላ በእግርና በበቅሎ የሚደረስባት ከተማ ነበረች። ከ1918 ዓ.ም. ጀምሮ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሮበርት ቺዝማን የአባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ ያጠናው በበቅሎ ጓዝ ነው። ጎማ ጎጃም ውስጥ በብዛት የተሽከረከረው ጣሊያን ከገባ በኋላ ነበር፤ እሱም ወታደራዊ ጭነት መኪና እንጂ የቤት መኪና አልነበረም። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ከሱዳን ሲመለሱ አብሯቸው የዘመተው ጦር ዋና ማጓጓዣው ግመል ነበር፤ ደጋውን ሲወጡ ግመሎቹ በሺዎች አለቁ። ጦሩ እንጅባራንና ቡሬን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ ገባ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት በክፍት አውቶሞቢል ነው። የጦሩ አዛዥ ዊንጌት ደግሞ በነጭ ፈረስ ከፊት ቀደመ።

የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ መንገዶቹ በሥርዓት መጠገን ሲጀምሩ የቤት አውቶሞቢል ወደ ክፍለ ሀገር መውጣት ቻለ። አዲስ አበባ ላይ ፊያት 600፣ ሰው ሁሉ ሲቼንቶ የሚላት፣ ታክሲ ሆና ትሠራ ነበር። ፎልስም ነበረች። ረጅም መንገድ ለሚሄድና ቤተሰብ ለሚጭን ሰው ግን ወንበሩ ሰፊ፣ ዕቃ ማስቀመጫው ጥልቅ የሆነ መኪና ያስፈልገው ነበር። ፔጆ ስም ያተረፈው በዚህ ነው።

ፔጆ 404 በፈረንጆቹ 1960 ገበያ ወጣ፤ 504 ተከተለው፣ በ1968። ከጎረቤት አገር ኬንያ ተነስቶ በጭቃና በአቧራ ውስጥ የሚካሄደውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። 504ም በ1975 እና በ1978 ደግሞታል። ናይጄሪያ ካዱና ውስጥ ፋብሪካ ተቋቁሞለት ፈረንሳይ ማምረት ካቆመች በኋላም ለብዙ ዓመታት ሲገጣጠም ኖሯል። ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ሞላው ረጅም ነው፤ ጠጠር መንገድ ላይ ጎማው መሬቱን ሳይለቅ ይከተላል። ሞተሩ ቀላል ነው፤ በተራ መፍቻ ይፈታል። ዛሬ አስፋልት የሆነው የደብረ ማርቆስ–መራዊ መንገድ፣ እንጅባራና ዳንግላ ያሉበት ማለት ነው፣ በ1989 ዓ.ም. የተጀመረው የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም እስኪደርስለት ድረስ ጠጠር ነበር። በዚያ ጠጠር ላይ ለአንድ የቤት አውቶሞቢል ከፍጥነቱና ከውበቱ ይልቅ አሞርዛተሩ ስንት ክረምት እንደሚችል ማወቅ ይበልጥ ይጠቅም ነበር።

ከጠጠሩ በላይ የሚከብደው ደግሞ ከፍታው ነው። በ2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። የባሕር ጠለል ላይ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡራቶር እዚህ ሲደርስ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። ውሃም በ100 ዲግሪ ሳይሆን 91 ወይም 92 ላይ ይፈላል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የ40 ኪሎ ሜትር የአባይ በረሃ ጠመዝማዛ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ያመጣዋል፤ ከደጋው 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የወንዙ ዳር ቁልቁል፣ ከቆላው ሙቀት ደግሞ ሽቅብ። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው ሸራው ሲቃጠል ይሸተዋል። አቀበቱን ራዲያተሩ በተደፈነ መኪና የወጣ ደግሞ መንገድ ዳር ቆሞ እስኪበርድለት ይጠብቃል። ልበ ቢስ ሆኖ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ የከፈተ ሾፌር እጁን ተቃጥሏል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሰሰም ቴስታውን ሰንጥቋል። ጃፓን የለገሰችውና ካጂማ የተባለው ኩባንያ የሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይ በ2001 ዓ.ም. መባቻ ተመርቆ የወንዙን መሻገሪያ አቀለለው፤ አቀበቱ ግን እንደነበረ ነው።

በደርግ ዘመን የመኪናው ምንጭ ወደ ምሥራቅ ዞረ፤ ላዳም ገባች። አባቷ ጣሊያን ነው። ፊያት ከሶቪየት ኅብረት ጋር በፈረንጆቹ 1966 በተፈራረመው ውል መሠረት ቶልያቲ ላይ ፋብሪካ ተሠራና በ1970 የፊያት 124 ልጅ ከመስመሩ ወጣች። ሩሲያውያኑ ላሜራውን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ ለመጥፎ መንገድ አይሆንም ያሉትን የኋላ ዲስክ ፍሬን በከበሮ ፍሬን ለወጡት። ባትሪ ሲደክም በእጅ የምትዞርበትን ማኑቬላም አልነሷትም። በቅዝቃዜ ለሚነጋበት ለእንጅባራ ዓይነት ከተማ ይህች ብረት ቀላል ስጦታ አልነበረችም። አዲስ አበባ ላይ ላዳ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለአሥርት ዓመታት ታክሲ ሆነች፤ ከኢትዮጵያ ጋራዦች ያላዳረሰችው ያለ አይመስልም። መካኒኩ በእሷ ላይ ሙያውን ተማረ፤ ሞተር ማውረድ፣ ፋሻ መቀየር፣ ፍሪሲዮን መግጠም፣ ካምቢዮ መፍታት። ላዳን ማድነቅ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ትውልድ መካኒክ ማፍራቷን መካድ ግን አይቻልም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ሲከፈት ሰፊው አውቶሞቢል እየተመለሰ ይመስል ነበር፤ አልተመለሰም። ምክንያቱን ለማግኘት የግብር ሕጉን ማየት ይበቃል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 መኪናን በሞተሩ መጠን ከፋፈለው፤ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። በዚህ ላይ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በኋላም 10 በመቶ ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ላይ እየተሰላ ይደራረብ ነበር። ሒሳቡ ሲደመር ትንሿ ሞተር ወደብ ከደረሰችበት ዋጋ 120 በመቶ ገደማ፣ ትልቁ ሞተር 240 በመቶ ገደማ ግብር ይከፍሉ ነበር። ስለዚህ አስመጪው ባለ 1.3 ሊትር ሞተር ፈለገ፤ ቤተሰቡም 1.3 ገዛ። ተራራው ትልቅ ሞተር ይጠይቃል፣ ጉምሩክ ትንሽ ሞተር ያስገባ ነበር። ሩብ ጉልበቱን ለከፍታው የገበረ ባለ 1,300 ሲሲ መኪና አምስት ሰው ጭኖ የአባይን አቀበት በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት የታየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ሸክም ለሃያ ዓመት ያህል የተሸከመችው በዋናነት ቶዮታ ኮሮላ ናት።

ኮሮላ ጃፓን ውስጥ የተወለደችው በፈረንጆቹ 1966 ነው። ኢትዮጵያውያን ዲኤክስ የሚሏት የ1980ዎቹ መጀመሪያ ኮሮላ ግን ለዚህ አገር ተብላ የተሠራች ትመስላለች። የሞተሯ ብሎክ ብረት ነው፤ ጉልበቷ ወደ ኋላ እግር ይሄዳል፤ ኮፈኗ ሲከፈት መካኒክ እጁን የሚያስገባበት ቦታ አለ። መለዋወጫዋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ አዲሱ ከጠፋ ከሌላ መኪና የተፈታ ይመጣል፤ ዳንግላ ላይ የቆመች ኮሮላ የሚያስፈልጋትን ዕቃ ከአዲስ አበባ በሚመጣ አውቶቡስ በሾፌር ወይም በረዳት እጅ ትቀበላለች። የመኪና አስተማማኝነት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል የሚለው እምነት እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የተሠራው በመለዋወጫው ቅርበትና ሞተሩን በድምፁ በሚያውቅ መካኒክ ነው። ከኮሮላ የበለጠ ምቹና ኃይለኛ የሆኑ የአውሮፓ አውቶሞቢሎች አንዲት ዕቃ ጠፍታባቸው በየግቢው ሣር በቅሎባቸው ቀርተዋል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ያሳያል። መካኒኩን ይዞ ይሄዳል። ሞተሩ በጠዋት፣ ሳይሞቅ እንዲነሳ ይፈልጋል፤ ሰማያዊ ጭስ ካየ ዘይት ይበላል ማለት ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይቶ አያምንም፤ የፔዳሉን ላስቲክና የመሪውን ቆዳ ያያል። ላሜራው ላይ በጣቱ እያንኳኳ ስቱኮ ይፈልጋል። ዝናብ በሚበዛበት በአዊ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ከሥር ዝገቱን ያያል። ጃፓን በግራ ስለምትነዳና ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ፣ በተለይ ቶዮታ ቪትዝ ሲገዛ መሪው የዞረ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል። ከዚያ ሊብሬው ይታያል፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ይመሳከራል። ይህ ሁሉ ሆኖ የሚከፈለው ገንዘብ ለውጭ አገር ሰው አይገባውም፤ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ኮሮላ አዲስ ሳለች ከተገዛችበት ብር በብዙ እጥፍ ትሸጣለች። ደመወዝተኛ ቤተሰብ መኪናውን እንደ ቤት የሚቆጥረው፣ ሲቸግረው የሚሸጠው፣ ሲያልፍለት መልሶ የሚገዛው፣ ዋጋው ስለማይወድቅ ነው።

በአገር ውስጥ የተገጣጠመ አዲስ አውቶሞቢል አማራጭ እንዲሆን ተሞክሯል። ሆላንድ ካር በቻይናው ሊፋን ላይ ተመሥርቶ «አባይ» የሚል ስም የሰጠውን የቤት አውቶሞቢል ገጣጥሞ ነበር፤ ኩባንያው ግን ብዙ አልዘለቀም። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይዝ ጣለ። ሐሳቡ አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር፤ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ግን ተወደደ። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። ያን ጊዜ አዊ ያለበት አማራ ክልል በጦርነት ውስጥ ነበር፤ መንገዱ ይዘጋ፣ ነዳጅም ይጠፋ ነበር። የኮሮላ ባለቤት መኪናውን ከመንዳት ይልቅ ግቢ ውስጥ ሲያቆማት ከረመ።

የኤሌክትሪክ መኪና ለዚህ መንገድ ባዕድ ነው ማለት ስህተት ይሆናል። ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ 2,500 ሜትር ላይ ጉልበት አያጣም። ጎሐ ጽዮንን ሲወርድ ቁልቁለቱ ራሱ ባትሪውን ይሞላለታል፣ ሸራውም ይተርፋል። ፔጆና ላዳ ያላገኙትን ነገር አግኝቷል። የቸገረው ሌላ ነው፤ ከአዲስ አበባ እንጅባራ ያለው ርቀት ለብዙዎቹ በአንድ ሙሌት አይገፋም፣ ሲበላሽም መፍቻ የያዘ መካኒክ ብቻውን አያድነውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያገለገለ ሲሆን ምን እንደሚታይ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የብዙዎቹ አምራቾች የባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ አዲስ ሆነው የተገዙት መኪኖች ያን ዕድሜ ሲደርሱ ሁለተኛና ሦስተኛ ገዢ ፍለጋ ወደ ክፍለ ሀገር መውጣታቸው አይቀርም፤ የዳንግላና የእንጅባራ ጋራዦች እስከዚያ የባትሪን ጤና የሚያነብ መሣሪያና ያንን መሣሪያ የሚያምን መካኒክ ማግኘት ይኖርባቸዋል።