ጨዋታው የማን ነው?

መጽሐፍ ሲታተም የደራሲው ስም ሽፋኑ ላይ ይወጣል፤ አሳታሚውም የራሱን ቦታ ይይዛል። በዚህ የሚጣላ የለም። የቪዲዮ ጨዋታ ግን በዚህ ወግ አልተወለደም። የውክፔዲያ በጎ ፈቃደኞች ስለ አንድ ጨዋታ ሲጽፉ ከገጹ ጎን ባለችው ሠንጠረዥ ላይ «ሠሪ» እና «አሳታሚ» የሚሉ ሁለት መስመሮችን ይሞላሉ። ሁለተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ናት። የመጀመሪያዋ ግን የቆየ ጠብ ያለባት ናት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአታሪ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኖላን ቡሽኔልና ቴድ ዳብኒ በ1972 ያቋቋሙት ይህ የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ1976 ለዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ተሸጠ። በ1978 በኃላፊነት የተቀመጡት ሬይ ካሳር ከጨርቃ ጨርቅ ሥራ የመጡ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን አንድ ጨዋታ ከሐሳቡ እስከ ሥዕሉና ድምፁ በአብዛኛው የአንድ ሰው የእጅ ሥራ ነበር፤ ካርትሪጁ ገበያ ሲወጣ ግን የሚታየው የአታሪ ስም ብቻ ነው።

ዴቪድ ክሬን እንደሚያስታውሰው፣ አንድ ቀን የእያንዳንዱን ጨዋታ ሽያጭ የሚዘረዝር ወረቀት ለፕሮግራመሮቹ ተበተነ። የታሰበው ገበያ ያለውን ዓይነት አይተው ያንኑ እንዲደግሙ ነበር። ክሬን፣ አላን ሚለር፣ ቦብ ዋይትሄድና ላሪ ካፕላን ግን ሌላ ስሌት ሠሩ፤ የካርትሪጁ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከእነርሱ ከአራቱ ጨዋታዎች የመጣ ሆኖ አገኙት። ይዘው ወደ ካሳር ቢገቡ፣ ካርትሪጁን ከሚገጣጥመው ሠራተኛ እንደማይበልጡ ተነግሯቸው ወጡ፤ ይህም የክሬን ምስክርነት ነው። ገጣጣሚውን ማሳነሴ አይደለም፤ የእርሱም ስም የትም የለም።

አራቱም ሥራቸውን ለቀቁ። በ1979 ከጂም ሌቪ ጋር አክቲቪዥንን አቋቋሙ። አታሪ በ1980 ከሰሳቸው፤ ክሱ በ1982 በስምምነት አለቀ። አዲሱ ኩባንያ የሠሪውን ስም ከጨዋታው ጋር ማውጣት ጀመረ። ካሮል ሾው «ሪቨር ሬይድ»ን የሠራች ሴት መሆኗን የ1982 ገዢ ሊያውቅ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋረን ሮቢኔት ግን ስሙን በድብቅ አስገባ። እዚያው አታሪ ውስጥ «አድቬንቸር»ን ሲሠራ ለአለቆቹ ሳይናገር አንድ ስውር ክፍል ጨመረበት። ቁልፉ ከጀርባው ቀለም የማትለይ አንዲት ነጥብ ናት፤ እርሷን አግኝቶ ወደ ትክክለኛው ስፍራ የወሰደ ተጫዋች ክፍሉ ይከፈትለትና የጨዋታው ፈጣሪ ዋረን ሮቢኔት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ያያል። ጠቅላላ ጨዋታው 4 ኪሎባይት ብቻ እንደነበር ልብ ይበሉ፤ ከዚያች ላይ ነው ለስሙ የቆነጠረው። ሰውየው ሥራ ከለቀቀ በኋላ በ1980 አንድ ወጣት ተጫዋች ክፍሉን አግኝቶ ለኩባንያው ጻፈ። «የፋሲካ እንቁላል» የሚለው መጠሪያ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ብዙዎች እንደ ቀልድ ያወሩታል፤ ለእኔ ግን የአቤቱታ ማመልከቻ ይመስለኛል።

ጃፓንም ከዚህ አልተሻለችም። ካፕኮምን የመሰሉ ኩባንያዎች ሠራተኛ እንዳይነጠቁ ሰዎቻቸውን በቅጽል ስም ያስጽፉ ነበር፤ ኬጂ ኢናፉኔ «ኢናፍኪንግ» ሆኖ ወጣ። ቶሴ የተባለው የኪዮቶ ኩባንያ ደግሞ ጭራሹን ስም አልባነትን ንግዱ አደረገው። ከ1979 ጀምሮ ለሌሎች ጨዋታ ይሠራል፤ ደንበኛው ካልወደደ ስሙ አይነሳም።

እንግዲህ ቶሴ በሠራው ጨዋታ ላይ «ሠሪ» በሚለው መስመር ምን ይጻፍ? ውክፔዲያ የታመነ ምንጭ ይጠይቃል፤ ስሙን እየደበቀ የሚሠራ ደግሞ ምንጭ አይተውም። ጎልቶ የሚታየው ስቱዲዮ ይገባል፣ ረዳቶቹ ይቀራሉ።

ስሙም ቢሆን አይጸናም። አታሪ ስንል የትኛውን ነው? የ1972ቱ በ1984 ተከፍሎ ግማሹን ጃክ ትራሚየል ገዛው፤ ኋላም ኢንፎግራምስ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ መጠሪያውን በእጁ አስገብቶ በ2009 ራሱን አታሪ አለ። አክቲቪዥንም በ1988 ሚዲያጄኒክ ተብሎ በኋላ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ፤ በ2023 ደግሞ የማይክሮሶፍት ንብረት ሆነ። ጨዋታው በወጣበት ዕለት የነበረው ስም ይጻፍ የሚሉት ልክ ናቸው። የቀድሞውን ሥራ ለዛሬ ባለቤቱ መስጠት ልጅን በእንጀራ አባቱ ስም መጥራት ነው።

በ2011 «ኤል ኤ ኑዋር» ወጣ። ሲድኒ በሚገኘው ቲም ቦንዲ ስቱዲዮ ብዙ ዓመት የፈጀ ሥራ ነበር። መካከል ላይ የለቀቁት ብዙዎች ስማቸውን በመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ ሲፈልጉ አጡት፤ ከ100 የሚበልጡ የተዘለሉ ወይም በትክክል ያልተጠቀሱ ሰዎች ስም የያዘ የኢንተርኔት ገጽም በቀድሞ ሠራተኞች ተከፈተ። ስቱዲዮውም በዚያው ዓመት ተዘጋ። የኢንሳይክሎፒዲያው ሠንጠረዥ «ሠሪ» በሚለው ቦታ ላይ ቲም ቦንዲ ይላል፤ አልተሳሳተም።