ልጅ በዕድሉ ወይስ በስሌት?

በ1998 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አንዲት ጎረቤቴን ተከትዬ ፍርድ ቤት ሄጄ ነበር። ለምስክርነት አልነበረም፤ «ብቻዬን ከምቆም አንድ ሰው አጠገቤ ይኑር» ስላለችኝ ነው። ከባሏ ከተፋታች ዓመት አልፏታል። የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው። ልጁ እሷ ዘንድ እንዲያድግ ተወስኗል፤ የቀረው የተቆራጩ ጉዳይ ብቻ ነበር።

ዳኛዋ «ልጁ በወር ስንት ብር ያስፈልገዋል?» ብለው ጠየቋት። ጎረቤቴ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት አወጣች። ወተት፣ እንጀራ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍያ፣ ጫማ፣ ሐኪም ቤት፣ ከቤት ኪራዩ ላይ የልጁ ድርሻ። ድምሩ 640 ብር። አባትየው ደግሞ ከሚሠራበት ድርጅት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አቀረበ፤ የወር ደመወዙ 900 ብር። ማታ ማታ የሚነዳው የሰው ታክሲ ደብዳቤው ላይ የለም። «ታክሲም ይነዳል እኮ» አለች። «ማስረጃ አለዎት?» ተባለች። አልነበራትም። የማታ ታክሲ ማስረጃ ከየት ይመጣል? መጨረሻ ላይ 300 ብር ተወሰነ።

ስንወጣ «ለምን 300 ሆነ? ለምን 250 ወይም 400 አልሆነም?» አለችኝ። እኔም አላወቅሁም። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ባለጉዳይ ግን ያወቀ መሰለ፤ «ሕጉ ሲሶ ነው የሚለው፤ የ900 ሲሶ 300» አላት። ስሌቱ ስለገጠመ አመንነው።

ቤቴ ገብቼ ሕጉን ሳገላብጥ ግን በቤተሰብ ሕጉ ውስጥ ሲሶ የሚል አጣሁ። ሲሶው የሚገኘው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ውስጥ ነው፤ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከሲሶው እንዳይበልጥ ይላል። ይህ ሠራተኛው ባዶ እጁን እንዳይቀር የተበጀ አጥር ነው እንጂ የልጅ ፍላጎት መለኪያ አይደለም። እኛ ግን ጣሪያውን እንደ ሚዛን ወስደነዋል።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። አባቶቻችን «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይሉ ነበር። አባባሉ ተስፋ አለው፤ ግን ማን ምን ያህል ይክፈል የሚለውን ጥያቄ ለፈጣሪ ይተወዋል። ለጉዳዩ ያሉንን ሁለት ቃላትም ተመልከቱ። «ቀለብ» የሚበላ ነገር ነው፤ እህል እንጂ ሒሳብ አይደለም። «ተቆራጭ» ደግሞ የደመወዝተኛ ዘመን ቃል ነው። የሚቆረጥለት እንዲኖር መጀመሪያ የሚቆረጥበት ደመወዝ መኖር አለበት። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛው ምኑ ይቆረጣል? ቃሉ ራሱ ብዙ አባቶችን ከደጅ ያስቀራል።

ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁልን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀለብን በሕግ ቋንቋ ፈታው፤ ለባለመብቱ የምግቡን፣ የመኖሪያውን፣ የልብሱንና የጤናውን ወጪ መቻል ነው አለ። ትምህርት አልተጠቀሰም። ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የልጆቹም ነገር በእነሱ ፊት ነበር የሚያልቀው። ከጋብቻም ሆነ ሕጉ ከሚያውቀው የአብሮ መኖር ግንኙነት ውጭ የተወለደ፣ አባቱም ያልተቀበለው ልጅ ግን የሕግ ዝምድናው ከእናቱ ጋር ብቻ ነበር። አባትነት በፍርድ የሚታወጀው እናቲቱ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከሆነ ብቻ ነበር። ለእንደዚያ ዓይነቱ ልጅ የስሌት ጥያቄ አይነሳም፤ ከፋዩ ራሱ በሕግ ፊት የለማ!

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የፍቺን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ አባትነት በፍርድ የሚታወጅባቸውን ምክንያቶች አሰፋ። ሰውየው እንደ አባት ሆኖ በልጁ ቀለብና አስተዳደግ ተሳትፎ ከነበረ ያ ራሱ አንዱ ምክንያት ሆነ። በቀለብ ትርጉም ውስጥም ትምህርት ገባ። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ስሌቱ ላይ ስንደርስ ግን ሕጉ የሰጠን ሁለት ጽዋ ያለው ሚዛን ነው፤ በአንድ በኩል የጠያቂው ችግር፣ በሌላ በኩል የከፋዩ አቅም። ቁጥር የለውም። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ በፌዴራሉ ሕግ ውስጥ ግን መቶኛም ሠንጠረዥም የለም። ቁጥሩን የሚያወጣው ዳኛው ነው።

አሜሪካኖቹም እንደዚሁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በዴንቨር ከተማ ፍርድ ቤት መዝገቦች ላይ የተሠራ ጥናት ከአባቶቹ ሁለት ሦስተኛው ለልጃቸው እንዲከፍሉ የታዘዙት ለመኪናቸው በየወሩ ከሚከፍሉት ያነሰ መሆኑን አሳየ። ዊስኮንሲን የተባለው ግዛት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቁርጥ ያለ ቁጥር አመጣ፤ ከከፋዩ ገቢ ላይ ለአንድ ልጅ 17 ከመቶ፣ ለሁለት 25፣ ለሦስት 29፣ ለአራት 31፣ ለአምስትና ከዚያ በላይ 34። በ1988 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ዳኞች ሁሉ የየግዛታቸውን መመሪያ እንዲከተሉ፣ ከዚያ ሲወጡ ምክንያታቸውን እንዲጽፉ አስገደደ።

ዛሬ አብዛኞቹ ግዛቶች የሁለቱንም ወላጆች ገቢ ይደምራሉ። ለምሳሌ ያህል አባት 4,000፣ እናት 2,000 ዶላር ቢያገኙ ድምሩ 6,000 ነው። በዚህ ገቢ አብሮ የሚኖር ቤተሰብ ለልጁ 900 ዶላር ያወጣል የሚል ሠንጠረዥ አለ እንበል። አባትየው የድምሩ ሁለት ሦስተኛ ስላለው 600 ይከፍላል፤ የእናቲቱ 300 ልጁን ስታሳድግ በእጇ ያልፋል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ወገኖቻችንም ሲፋቱ የሚዳኙት በዚህ ዓይነት ሠንጠረዥ ነው። የቁጥሩ ጥቅም ልጁን ማበልጸጉ አይደለም፤ እናቲቱ ችሎት ከመግባቷ በፊት ምን እንደሚጠብቃት ማወቋ ነው።

ቀመር ብቻውን ያድናል ማለቴ ግን አይደለም። እንግሊዞች በ1993 አዲስ መሥሪያ ቤት አቋቁመው ከፍርድ ቤት ይልቅ በቀመር ይሁን ቢሉ፣ ቀመሩ እጅግ የተወሳሰበ ሆነና ስህተትና ውዝፍ ተከመረ። በ2003 ከተጣራ ገቢ ለአንድ ልጅ 15፣ ለሁለት 20፣ ለሦስትና ከዚያ በላይ 25 ከመቶ ወደሚል ቀላል መቶኛ ዞሩ። ከዚያ በኋላም መሥሪያ ቤቱ ከመዘጋት አልዳነም። ደግሞስ መቶኛ የሚሠራው ገቢው ሲታወቅ ነው። የማታ ታክሲ ከደብዳቤው ውጭ ከቀረ 17 ከመቶም ቢሆን የተሳሳተ ቁጥር መቶኛ ነው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። በ1998 ዓ.ም. የተወሰነው 300 ብር ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው፣ በ2006 ዓ.ም.፣ ያው 300 ብር ነበር። በመሐል በ2000 እና በ2003 ዓ.ም. ኑሮ እንዴት እንዳሻቀበ ሁላችንም እናስታውሳለን። ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት ስድስተኛ ክፍል ደርሷል፤ ጫማው በየዓመቱ ይጠበዋል። ሕጉ በሩን አልዘጋም፤ ችግሩ ወይም አቅሙ ሲለወጥ ቀለቡ በማንኛውም ጊዜ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ጠያቂዋ ግን እሷ ነች። «ጠይቂ እንጂ» ስላት «እንደገና ደጅ ልጠና? የታክሲውን ማስረጃ አሁንስ ከየት አመጣለሁ?» አለችኝ። ውዝፍም ቢሆን ለኑሮ የግድ አስፈላጊ መሆኑ ካልታየ በስተቀር በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይቀራል። ዝም ያለች እናት ትከስራለች ማለት ነው፤ ከእሷ በላይ ደግሞ ልጁ።

ሚዛኑ መልካም ሚዛን ነው፤ ችግርንና አቅምን ማመዛዘን ከደረቅ መቶኛ ይልቅ ለእውነት ይቀርባል። ግን መነሻ የሚሆን ቁጥር ቢኖረው፣ ገቢውን የማሳየት ሸክም ገቢው በእጁ ባለው ሰው ላይ ቢያርፍ፣ የተወሰነውም ብር ከገበያው ጋር በየዓመቱ ቢራመድ ማን ይጎዳል? አባትም ቢሆን ሲሶ ደመወዙ የተቆረጠው ለምን እንደሆነ የሚገልጽ መልስ ይገባዋል።

ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ሥራ ይዟል። ሰዎች እናቱን «በዕድሉ አደገልሽ» ይሏታል። እሷ ትስቃለች። ከደብተር የተቀደደችውን ወረቀት ግን አልጣለቻትም። ከ640ው ላይ 300ውን ብንቀንስ 340 ይቀራል። ያንን 340 ብር በየወሩ ማን እንደሞላው፣ ከምንስ ቀንሶ እንደሞላው የጠየቃት ዳኛ አልነበረም።