ወደብ የተነፈገችው መርከብ

ተረት አይደለምና «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ። የምተርክላችሁ በመዝገብ የሰፈረ፣ ሚኒስትር ያነጋገረ፣ ፍርድ ቤት የደረሰ ነገር ነው። ዘመኑንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራዋለሁ፤ ታሪኩ የእነሱ ነውና።

ከኩባ በስተደቡብ ካይማን የሚባሉ ሦስት ደሴቶች አሉ። በብሪታንያ ባንዲራ ሥር የሚተዳደሩ ናቸው። ትልቋ ግራንድ ካይማን ትባላለች፤ ዋና ከተማዋም ጆርጅታውን ነው። ፈረንጅ ወደዚያ የሚሄደው በሁለት ምክንያት ነው። አንድም ገንዘቡን ከቀረጥ ሰብሳቢ ዐይን ለማሸሽ፣ አንድም ራሱን ከክረምት ብርድ ለማሸሽ። ለገንዘቡ ባንክ ሞልቷል። ለራሱ ደግሞ ሰቨን ማይል ቢች የሚሉት ነጭ አሸዋ አለ፤ ስቲንግሬይ የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ በሰው እግር ሥር የሚመላለስበት፣ ቆመው የሚዝናኑበት ባሕርም አለ።

ይህች ደሴት ግን የባንክና የአሸዋ ብቻ አይደለችም፤ የቤተ ክርስቲያንም ናት። በአርማዋ ላይ የተጻፈው መሪ ቃል ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ነው። ፕሬስቢቴሪያኑም፣ ባፕቲስቱም፣ አድቬንቲስቱም እዚያ ሥር ሰዶ ኖሯል። እሁድ ቀን ጭፈራ በሕግ ሲገደብ የኖረባት፣ ፓስተር ሲናገር ሚኒስትር ጆሮውን የሚያቆምባት አገር ናት።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። አትላንቲስ ኢቨንትስ የተባለ የአሜሪካ አስጎብኚ ድርጅት ሊዋርድ የተባለችውን የኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን መርከብ ተከራየ። ተሳፋሪዎቹ 900 ያህል ሲሆኑ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች ነበሩ። በ1998 መጀመሪያ ግራንድ ካይማን ላይ ቆመው ሊዝናኑ ታቅዷል። ጆርጅታውን ትልልቅ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ የላትም። መርከቧ ራቅ ብላ መልሕቋን ትጥላለች፤ እንግዶቹ በትንንሽ ጀልባ ይወርዳሉ፣ ይዋኛሉ፣ ይበላሉ፣ ይገበያያሉ፣ ከዚያም ወደ መርከባቸው ይመለሳሉ። ጉዳዩ ይኸው የአንድ ቀን ጉዳይ ነበር።

የደሴቲቱ መንግሥት ግን ለመርከቡ ኩባንያ ደብዳቤ ጻፈ። የቱሪዝም ሚኒስትሩ ቶማስ ጀፈርሰን ይባላሉ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር፣ እነዚህ እንግዶች ከጎብኚ የሚጠበቀውን ሥርዓት ይጠብቃሉ ብለን መተማመን አንችልም የሚል ነበር። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ከ900 ሰው አንዱም ገና እግሩን አላሳረፈም። የተከለከሉት ባጠፉት ጥፋት ሳይሆን ያጠፋሉ ተብሎ በተገመተው ነው። መርከቧም ካይማንን ትታ ሄደች።

ፓስተሮቹ እሰይ አሉ። አሜሪካ ያሉ የመብት ተሟጋቾች ተቆጡ፤ ለንደን አፈረች። እኔ ግን የፓስተሮቹን ሐሳብ አጣምሜ ልነግራችሁ አልፈልግም። ትንሽ ደሴት ናት። በየቀኑ በሺሕ የሚቆጠር እንግዳ ይወርድባታል፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ደንብ ላውጣ ይላል። «ቤታችንን የምናስተዳድረው እኛ ነን ወይስ የመርከብ ኩባንያ?» ብሎ መጠየቅ ያባት ነው። ያልተጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ እንግዳው በዚያች ቀን ምን ይደርስበታል? ማንስ ይጠብቀዋል?

ይህን ማለቴ ያለ ነገር አይደለም። ያው የካይማን ሕዝብ ልጆቹን ሲያስተምር ደጋግሞ የሚያወሳው አንድ ገድል አለው። በ1794 የካቲት ወር፣ በአንድ የብሪታንያ የጦር መርከብ የሚመሩ መርከቦች በሌሊት ከደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጫፍ ኮራል ድንጋይ ጋር ተላተሙ። አሥር መርከብ ተሰበረ። የደሴቲቱ ሰዎች ከማዕበሉ ጋር እየታገሉ በመርከቦቹ ላይ ከነበሩት አብዛኞቹን አተረፉ። የሚሰጥመውን ሰው ሃይማኖትህ ምንድን ነው፣ ቤትህ ውስጥ ማን አለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የደሴቲቱ ሰው ኩራት ይህ ነው፤ መርከቧን የከለከለው ውሳኔ ከዚህ ኩራት ጋር አልገጠመም።

ጎረቤት ባሃማስም በዚያው ዘመን ተፈትናለች። ባሃማስ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀል መቅጣት ያቆመችው ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድማ፣ በ1991 ነበር። በ1998 የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን የያዘ መርከብ ናሶ ሲደርስ ግን የሃይማኖት ሰዎች ወደቡ ላይ ተቃውሞ ይዘው ጠበቁት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሂዩበርት ኢንግራሃም አልተሸሸጉም፤ ወጥተው ተቃዋሚዎቹን በአደባባይ ገሠጹ። በ2004 ደግሞ የአሜሪካዋ ኮሜዲያን ሮዚ ኦዶኔል ያዘጋጀችው ጉዞ መጣ። ልጆቻቸውን የያዙ ጥንዶች በኖርዌጂያን ዶውን መርከብ ናሶ ወረዱ። ተቃዋሚዎች እንደገና ወጡ፣ ጮኹ፣ ዘመሩ፤ እንግዶቹ በመሐላቸው አልፈው ገበያ ገቡ። ማንም ማንንም ወደ ቤቱ አልመለሰም። ልዩነቱን አያችሁት? በናሶ የተቃወመው ተቃወመ፣ የጎበኘው ጎበኘ። በካይማን በሩ ራሱ ተዘጋ።

የለንደን መንግሥት በካይማን ነገር ተነክቷል። በ1999 ባወጣው ሰነድ በካሪቢያን ያሉ ግዛቶቹ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚቀጣውን የወንጀል ሕግ ራሳቸው እንዲሽሩ ጠየቀ። እነሱም አሻፈረን አሉ። ለንደንም አልጠበቀችም፤ ከ2001 የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በካይማን፣ በአንጉላ፣ በብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች፣ በሞንትሰራትና በተርክስና ካይኮስ በአዋቂዎች መካከል በስምምነት በጓዳ የሚደረገው ሁሉ ወንጀል መሆኑ በንግሥቲቱ ትእዛዝ ቀረ። የደሴቲቱ ምክር ቤት አልመከረበትም፣ ድምፅም አልሰጠበትም። «ከባሕር ማዶ ተጫነብን» የሚለው ቅሬታ እስከ ዛሬ አለ፤ ቅሬታውም መሠረት አለው።

ታዲያ ሕግ ከተለወጠ እንግዳው ደኅና ነው ማለት ነው? በ2008 አንድ አሜሪካዊ ወጣት ሰቨን ማይል ቢች ላይ በሚገኝ መጠጥ ቤት ከጓደኛው ጋር ሲጨፍር ጓደኛውን ሳመው። ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ አንድ ፖሊስ አስቆመው። ነገሩ ተካረረና ወጣቱ ወደ ጣቢያ ተወሰደ፤ በኋላ ክስ ሳይመሠረትበት ተለቀቀ። የደሴቲቱ ቱሪዝም መሥሪያ ቤትም ይቅርታ ጠየቀ። ከ1998 ወዲህ የተለወጠው ይህ ነው። ያኔ እንግዳውን የከለከለው መንግሥት ራሱ ነበር፤ አሁን አንድ ፖሊስ ሲያስቆመው መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ። ለመንገደኛ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ጣቢያ ሲወሰድ ከጀርባው ሕግ አለ ወይስ የለም ማለት ነውና።

የሌለበትን ደግሞ ስሙ። በ2012 የአትላንቲስ መንገደኞችን የጫነ ሌላ መርከብ ዶሚኒካ ወደብ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሁለት አሜሪካውያን ከመሬት ሊታይ በሚችል የመርከቡ ሥፍራ ነውር ሠሩ ተብለው ታሰሩ። አደሩ፣ ዳኛ ፊት ቀረቡ፣ ራቁትነትን በአደባባይ በማሳየት ጥፋተኛ ነን አሉ፣ 900 ዶላር ያህል እያንዳንዳቸው ተቀጡና ተለቀቁ። የአደባባይ ነውር ለሁሉም ነውር ነው፤ ወንድና ሴትም ቢሆኑ ያስቀጣል። ይሁንና በዚያ ጊዜ በዶሚኒካ የጓዳውም ነገር ወንጀል ነበር፤ እዚያ የተያዘ ሰው የሚፈራው ለሠራው ብቻ ሳይሆን ለማንነቱ ነው። ያንን ሕግ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሻረው በ2024 ነው።

እስካሁን የተረኩላችሁ ስለ እንግዳ ነው። እንግዳ ግን ማታ ይሄዳል። መርከቧ መልሕቋን ስታነሣ በደሴቲቱ የሚቀረው ማን ነው? የዚያው አገር ልጅ ነው። የጭቅጭቁ ሁሉ ወገብ እዚህ ላይ ነው፤ ለሃያ ዓመት ስለ መጤ ሲሟገቱ ስለ ራሳቸው ልጅ የጠየቀ አልነበረም።

ልጂቱ ራሷ ጠየቀች። ሻንቴል ዴይ የካይማን ተወላጅ፣ የሕግ ባለሙያ ናት። ከሴት ፍቅረኛዋ ከቪኪ ቦደን ቡሽ ጋር ለመጋባት በ2018 ፈቃድ ብትጠይቅ ተከለከለች። ፍርድ ቤት ሄደች። በመጋቢት 2019 ዋና ዳኛው አንተኒ ስሜሊ ፈረዱላት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ይግባኝ ሰሚው ሻረው፤ ሲሽረው ግን መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች ከጋብቻ ጋር የሚስተካከል የሕግ ከለላ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ሳይዘገይም ይስጥ አለ። ምክር ቤቱ በሐምሌ 2020 ይህን ከለላ የሚሰጠውን ረቂቅ ሕግ 9 ለ8 ጣለው። አገረ ገዥው ማርቲን ሮፐር በመስከረም በሥልጣናቸው ሕግ አድርገው አወጡት። በመጋቢት 2022 ለንደን ያለው የመጨረሻው ፍርድ ቤት የጋብቻውን ጥያቄ ውድቅ አደረገ፤ አገረ ገዥው ያወጡት ሕግ ግን እንደጸና ቆየ። ቤተ ክርስቲያኖቹ ዛሬም አይቀበሉትም፣ ስብከታቸውንም አልለወጡም። ቢሆንም በ2021 የመጀመሪያው የአደባባይ ሰልፍ በግራንድ ካይማን ጎዳና ላይ አለፈ፤ ደሴቲቱም አልሰጠመችም።

አሁን ወደ እኛ ደጅ ልምጣ። በ2019 ሰኔ ቶቶ ቱርስ የተባለ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ደንበኞቹን ወደ ኢትዮጵያ ሊያመጣ፣ ላሊበላንም ሊያስጎበኝ ማቀዱ ተሰማ። የሃይማኖት ማኅበራት መንግሥት ጉዞውን እንዲከለክል ጠየቁ፤ ድርጅቱም የጥላቻና የዛቻ መልእክት እንደጎረፈበት ተናገረ። በእኛ አገር ሕጉም ከነዋሪው ስሜት ጋር ነው። በእኛ አቆጣጠር የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀጣል፤ ዜጋና ቱሪስት አይለይም። በ2023 ነሐሴ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታውቆ ነዋሪው ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቀ። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ መንገደኛ አልዋሽም። ሁለት ወንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲሄድ ብታይ የወዳጅነት ወግ ነው፤ አይተህ አትሳሳት። በስልክ ያገኘኸው የማታውቀው ሰው አጥማጅ ሊሆን ይችላል። አንተን የሚያስጎበኝህ ወይም የሚወድህ የአገሬው ልጅ ግን ካንተ ይልቅ ይጎዳል፤ አንተ ፓስፖርት አለህ፣ እሱ ሰፈር ብቻ ነው ያለው።

ለአገሬ ሰው ደግሞ የምለው አለኝ። ሲመሽበት በሰው ደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ያለውን አባቶቻችን አስገቡት፤ እግሩን አጠቡት፣ እራት ሰጡት፣ መደብ አነጠፉለት። ኃጢአቱን አስቆጥረው አይደለም። ያ ወግ እምነታቸውን አልሸረሸረም፤ እንዲያውም እምነታቸው ራሱ ያዘዘው ነበር። በላሊበላ ደጅ ጫማውን አውልቆ አንገቱን ደፍቶ የገባ ሰው የቦታውን ሥርዓት ጠብቋል፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቀው ነገር የለም።

መውደድና መቀበል የየሰው ልብ ፈንታ ነው፤ ማንም ፓስተርን ወይም ቄስን ስብከትህን ቀይር ሊለው አይችልም። የእንግዳ ደኅንነት ግን የባለቤቱ ዕዳ ነው። አስጎብኚው፣ ሾፌሩ፣ የሆቴሉ ባለቤት፣ ፖሊሱም፣ ያልወደዱትን እንግዳ በሰላም ተቀብለው በሰላም የመሸኘት ግዴታ አለባቸው። አንተም አንባቢዬ፣ ካላመንክበት አትመን፤ እጅህን ግን አታንሣ፣ ሌላው ሲያነሣም ቆመህ አትይ።